ሽጉጥ ምንድን ነው? ካዝናው ወጥቶስ እንዴት ይባርቃል?

«ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ወገብ ላይ ወይም ኮት ሥር የሚሸጎጥ መሣሪያ ማለት ነው። ጠመንጃ ትከሻ ይፈልጋል። ለሽጉጥ ግን እጅ ይበቃዋል።

አሠራሩን ለመረዳት ከጥይቱ መጀመር ይሻላል። ጥይት ቀለህ የሚባል የብረት ቀፎ አለው፤ ቀለሁ ውስጥ ባሩድ፣ ጫፉ ላይ አረር፣ ቂጡ ላይ ደግሞ ስትመታ እሳት የምትተፋ ትንሽ ካፕሱል አለች። ምላጩ (ቃታ የሚሉትም አሉ) ሲሳብ መርፌው ካፕሱሏን ይመታታል። ባሩዱ ይቀጣጠልና በቅጽበት ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ያለው መውጫ አንድ ብቻ ስለሆነ አረሩን በአፈሙዙ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ አይደለም፤ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ አለው። አረሩ እየተሽከረከረ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚህ ቦይ ምክንያት ነው። የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ጥይት በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይበራል፤ ከድምፅ ይፈጥናል።

ሽጉጥ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሪቮልቨር ነው፦ አምስት ወይም ስድስት ጥይት የሚይዝ ክብ ጎተራ አለው፤ በየተኩሱ ጎተራው ይዞራል። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በ1836 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣው በዚህ ዓይነቱ ነው። «ኮልት ሽጉጥ» የምንለውም በእሱ ስም ነው።

ሌላው ባለ ካዝናው ነው። ካዝናው፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚደረደሩበት ሳጥን፣ እጀታው ውስጥ ይገባል። የሶቪየቱ ማካሮቭ 8 ጥይት ይይዛል፤ የኦስትሪያው ግሎክ 17 ደግሞ 17። የላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ሲለቀቅ አንድ ጥይት ከካዝናው አንስቶ ያጎርሳል። «ተቀባበለ» የሚባለው ያኔ ነው። ሲተኮስ ብረቱ ራሱ ወደ ኋላ ይሄድና ባዶውን ቀለህ ይተፋል፤ ሲመለስ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ለእያንዳንዱ ጥይት ግን ምላጩ እንደገና መሳብ አለበት።

እንግዲህ ሁሉም ሰው እንዲያውቅልኝ የምፈልገው እዚህ ጋ ነው። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። አስቀድሞ የጎረሰው ጥይት አፈሙዙ ሥር ቁጭ ብሏል። ማካሮቭም ግሎክም ካዝና ባይኖራቸውም ያንን አንድ ጥይት ይተኩሳሉ። «ሲያጸዳው ባረቀበት» የሚባለው ልብ ሰባሪ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰውየው ካዝናውን አውጥቷል፤ ባዶ ነው ብሎ አምኗል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ጣት ከምላጩ ይራቅ፤ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ ቀጥሎ ብረቱ ወደ ኋላ ይሳብና ውስጡ በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል። ተገላብጦ ብረቱ ቀድሞ ከተሳበ አንዱ ጥይት ይወጣል፤ ካዝናው ግን በቦታው ስላለ ሌላውን ወዲያው ያጎርሰዋል።