ድቅል ቼሪ ምንድን ነው?

ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ መንገድ ዳር ችግኝ ሲሸጥ አቮካዶውም ፖሙም «የተዳቀለ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ለማለት የተፈለገው ግን «የተከተበ» ነው። በክተባ የአንዱ ቅርንጫፍ ሌላው ግንድ ላይ ይበቅላል እንጂ ዘራቸው አይቀላቀልም። ድቀላ ሌላ ነው። የአንዱ ዝርያ የአበባ ብናኝ በንብ ወይም በሰው እጅ ሌላው ዝርያ አበባ ላይ ሲያርፍ የሚገኘው ዘር የሁለቱም ልጅ ይሆናል።

ቼሪ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ኬክ ላይ ጣል የምትደረገውን ማለቴ ነው፤ እሷ እንኳ ስኳርና ቀለም በዝቶባት ቼሪነቷን የረሳች ናት። በአውሮፓ በብዛት የሚለሙት ሁለት ናቸው፤ ጣፋጩና ጎምዛዛው። ጣፋጩ ጫካ ውስጥ ከሚበቅለው ትልቁ የዱር ቼሪ ጋር አንድ ዝርያ ነው። ጎምዛዛው ግን ራሱ ድቅል ነው። አንዱ ወላጁ ጣፋጩ ቼሪ ሲሆን ሌላው ከመካከለኛው አውሮፓ እስከ ሳይቤሪያ የሚበቅል፣ ብርድ የማይበግረው ድንክ የዱር ቁጥቋጦ ነው።

ሒሳቡ ደስ ይላል። ጣፋጩ 16 ክሮሞዞም (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ባሕርይ የሚሸከም ክር) አለው፣ ቁጥቋጦው 32። ልጅ ከየወላጁ ግማሹን ስለሚወስድ 8 እና 16፣ 24 ይመጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ክሮሞዞሞች ዘር ለመሥራት ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው፤ 24ቱ ግን ሦስት ስብስብ ስለሆኑ አንዱ ያለ ጓደኛ ይቀራል። ዛፉ ያድጋል፣ ያብባል፣ ፍሬ ግን እምብዛም አይዝም። «አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚባልላት በቅሎም የምትመክነው በዚሁ ነው፤ ከፈረስ 32፣ ከአህያ 31 ወስዳ 63 ይዛለች።

ታዲያ ጎምዛዛው እንዴት አፈራ? አልፎ አልፎ ጣፋጩ ቼሪ ሳይከፈል የቀረ፣ 16ቱንም የያዘ ብናኝ ያወጣል። 16 እና 16፣ 32። ሁሉም ጥንዱን አገኘ፤ ድቅሉም ራሱን የሚተካ ዝርያ ሆነ።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎምዛዛውም ቁጥቋጦውም 32 ስለሆኑ ተመልሰው ይዳቀላሉ። ንብ ደግሞ አጥር አታውቅም። መካከለኛው አውሮፓ ውስጥ ንጹሑን የዱር ቁጥቋጦ ማግኘት እየከበደ ከመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ብርድ የመቻሉን ዘር የያዘው እሱ ነውና።

ሰው ሆን ብሎ ያዳቀላቸውም አሉ። ጀርመን ጊሰን ውስጥ የወጣው ጊዜላ 5 የተባለው የመከተቢያ ግንድ የጎምዛዛ ቼሪና የአንድ የቻይና የዱር ቼሪ ልጅ ነው። ጣፋጩ ቼሪ እሱ ላይ ሲከተብ ዛፉ አጠር ብሎ ይቀራል፤ ለቀማው ይቀልላል።

እኛ ጋስ? ቼሪ በደንብ ለማበብ ብዙ መቶ ሰዓት ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ቢጥልም፣ ዛፉ ሌሊት ያጠራቀመውን ቅዝቃዜ የቀኑ ፀሐይ ያባክንበታል። ዘመዶቹ ግን እዚሁ አሉ። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት የሚፈለገው አገር በቀሉ ጥቁር እንጨት አንዱ ነው፤ የሩቅ ዘመድ ነው፣ ቅጠሉንም አያረግፍም። ሌላው ኮክ ነው። የቅዝቃዜ ፍላጎቱ ከቼሪ ስለሚያንስ በየጓሮው ያፈራል።