ላፕቶፕ ሲሞቅ ለምን ይንቀራፈፋል? ቴርማል ትሮትሊንግ ምንድን ነው?

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የአርክቴክቸር ተማሪ የመመረቂያ ሥራዋን ምስሎች ሬንደር ማድረግ (ከኮምፒዩተር ንድፏ የተሟላ ምስል ማስወጣት) ጀመረች እንበል። ላፕቶፑ የመጀመሪያዎቹን ምስሎች እያንዳንዳቸውን በአራት ደቂቃ ያወጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፣ የኪቦርዱ የላይኛው ክፍል እጅ ያቃጥላል፣ አንዱ ምስልም ሰባት ደቂቃ መፍጀት ይጀምራል። ፕሮግራሙ አልተለወጠም፤ ምስሎቹም አልከበዱም። የተለወጠው የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን ስሌት የሚሠራው ቺፕ፣ ፍጥነት ሲሆን ፍጥነቱን የቀነሰውም ራሱ ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተር ራሱን ከሙቀት ለመከላከል ሲል ፍጥነቱን የሚቀንስበት ይህ ሥርዓት ቴርማል ትሮትሊንግ ይባላል።

ትሮትል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻው ጉሮሮ ሲሆን ማነቅ የሚል ፍቺ አለው፤ በመኪና ሞተር ውስጥም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነው ቫልቭ በዚሁ ስም ይጠራል። ዕቃ ጭኖ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ የአይሱዙ ሹፌር የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ መስመር ሲጠጋ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላላ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ፕሮሰሰሩም በውስጡ የተቀበሩት የሙቀት መለኪያዎች ከወሰኑ መድረሱን ሲያመለክቱ የሥራ ፍጥነቱንና የሚወስደውን ቮልቴጅ ይቀንሳል። ያ ወሰን በአብዛኞቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን በኤኤምዲዎቹ እንደየሞዴሉ ከ95 እስከ 105 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በከባድ ሥራ መካከል 85 ወይም 90 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ኮምፒዩተሬ ሊቃጠል ነው ብሎ መደንገጥ አይኖርበትም።

ይህ ጥበቃ ሁልጊዜ አልነበረም። በ2000 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ፔንቲየም 4 ሲግል ራሱን የሚያዘገይ ሥርዓት ተሠርቶለት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ እየሠሩ ካሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ማቀዝቀዣውን ብረት አንሥቶ ባሳየው ሙከራ ፔንቲየም 4 እያዘገመ ሥራውን ሲቀጥል የዘመኑ የኤኤምዲ አትሎን ፕሮሰሰር ግን ጭሶ ተቃጥሏል። ዛሬ ሰዎች እንደ ብልሽት የሚያማርሩበት መንቀራፈፍ በዚያ ሙከራ ፕሮሰሰሩን ያተረፈው ነገር ነው።

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንድ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በከባድ ሥራ 45 ዋት ይወስዳል እንበል፤ ይህ ብዙ የማይመስለው ሰው ከእንጀራ ምጣድ ጋር ያስተያየው፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል፤ ነገር ግን ሙቀቱን በሰፊ ገጽ ላይ ስለሚበትነው በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር የሚደርሰው ከ2 ዋት ያነሰ ነው። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር 45 ዋቱን የሚያወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይሰፋ ሲሊከን ላይ በመሆኑ በካሬ ሴንቲሜትር 20 ዋትና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ከምጣዱ በአሥር እጥፍ የሚበልጥ ማለት ነው። ይህ ሙቀት በቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል በሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በኩል ወደ መዳብ ሳህን፣ ከሳህኑ ወደ ሂት ፓይፕ፣ ከሂት ፓይፑ ወደ ቀጫጭን የብረት ክንፎች ያልፋል፤ ከክንፎቹ ላይ ደግሞ ማራገቢያው በሚገፋው አየር ተጠርጎ ይወጣል። ሂት ፓይፕ ድፍን መዳብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እርሱ ግን አየር ተመጥጦ ከወጣለት በኋላ ጥቂት ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ፣ የተዘጋበት ቱቦ ሲሆን ውሃው በፕሮሰሰሩ በኩል ተንኖ በክንፎቹ በኩል እየቀዘቀዘ ይመለሳል። መሣሪያውን በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ያዳበረው ጆርጅ ግሮቨር ሲሆን ይሠራ የነበረውም ለላፕቶፕ አስቦ ሳይሆን በጠፈር ላይ የሚያስፈልግን ሙቀት የማስተላለፍ ችግር ለመፍታት ነበር።

እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ አዲስ አበባ ብርዳማ ሆና ሳለ ላፕቶፕ እዚህ ለምን ይግላል የሚለው ነው። አየር ሙቀትን የሚሸከመው በክብደቱ ልክ ነው። ከተማዋ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከአቃቂ ሜዳ ጀምሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ እስካለው እንጦጦ ድረስ የምንተነፍሰው አየር ስስ ነው፤ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው፣ ባቄላና ሽምብራም ሳይበስሉ የሚያስጠብቁን በዚሁ ምክንያት ነው። በሂት ፓይፑ ውስጥ ያለውን ውሃ ከፍታው አይነካውም፤ ቱቦው የታሸገ ነውና። ማራገቢያው ግን ይነካል። አንድ ማራገቢያ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲዞር በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን እዚህም ጅቡቲም ተመሳሳይ ሲሆን፣ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው የአየር ክብደት ግን ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳን እዚህ በሩብ ያህል ያንሳል። በውጤቱም በባሕር ዳርቻ ላይ በላፕቶፑ ውስጥ ሲያልፍ 15 ዲግሪ ሞቆ የሚወጣ አየር እዚህ ያንኑ ሙቀት ለመሸከም 20 ዲግሪ ገደማ መሞቅ ይኖርበታል። አፕል ማክቡክ የተባሉት ላፕቶፖቹ ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ባለው የአካባቢ ሙቀት እንዲሠሩና እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደተፈተሹ ይገልጻል፤ አንዳንድ የሰርቨር አምራቾችም ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዝዛሉ። ቀዝቃዛው አየራችን የስስነቱን ጉዳት በአብዛኛው ያካክሳል ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ የሚሠራ ሰው፣ ወይም ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ማካካሻውን አጥቶ የስሱን አየር ጉዳት ብቻ ይዞ ይቀራል።

ከፍታውን ማንም ሊለውጠው አይችልም፤ አቧራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በከተማዋ ዳር ባሉ ሰፈሮች፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በገላን ወይም በቦሌ አራብሳ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ካልተነጠፈው መንገድ የሚነሣው አቧራና ካላለቁ ሕንፃዎች የሚመጣው የሲሚንቶ ብናኝ በመስኮት ገብቶ፣ ከጋቢና ከብርድ ልብስ ከሚረግፈው ክር ጋር ተደባልቆ በላፕቶፑ ውስጥ ይጠራቀማል። የሚጠራቀምበት ቦታ በደንብ ሊታወቅ ይገባል። ማራገቢያው ላይ የሚታየው ስስ አቧራ ያን ያህል አይጎዳም፤ ዋናው ጠንቅ በማራገቢያውና በክንፎቹ መካከል እንደ ስልቻ ቁራጭ ተድበልብሎ የሚቀመጠው ንጣፍ ነው፤ እርሱም ማራገቢያው ካልተነሣ አይታይም። ላፕቶፑን አስከፍቶ ንጹሕ ነው ተብሎ የተመለሰለት ሰው ማራገቢያው መነሣት አለመነሣቱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

አንዳንዶች ላፕቶፓቸውን ጎሚስታ ቤት ወስደው በጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ያስነፋሉ። እኔ ይህን አልመክርም። በኮምፕሬሰር ጋን ውስጥ ውሃና ዘይት ስለሚጠራቀም ከአየሩ ጋር አብሮ ወደ ሰርኪዩቱ ሊረጭ ይችላል፤ ግፊቱም ማራገቢያውን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ አሽከርክሮ ሊሰብረው ይችላል። የጥገና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አነስተኛ ብሎወር ይበልጥ ተስማሚ ሲሆን፣ በዚያም ጊዜ ቢሆን ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በስንጥር መያዝ አለበት። ከዱባይም ሆነ ከአሜሪካ ዩዝድ ሆኖ የመጣ ላፕቶፕ ከሆነ በዚያው አጋጣሚ ቴርማል ፔስቱን ማስለወጥ ዋጋ አለው፤ ፔስት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ በስንጥቁም ሙቀትን እጅግ በደካማ ሁኔታ የሚያስተላልፈው አየር ይገባል።

አቀማመጥን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ቀዝቃዛ አየር የሚስቡት ከሥር ስለሆነ ፍራሽ ላይ ወይም በጋቢ የተሸፈነ ጭን ላይ ሲቀመጡ አፍንጫቸው ይታፈናል። ጠንካራ ጠረጴዛና ከኋላ እግሮቹ ሥር የተደረጉ ሁለት የለስላሳ ቆርኪዎች በርከት ያለ ብር ወጥቶበት ከሚገዛ፣ ከላፕቶፑ ሥር ከሚቀመጥ ባለማራገቢያ መደገፊያ ጋር የሚቀራረብ ጥቅም ይሰጣሉ፤ የብዙዎቹ መደገፊያዎች ጥቅም የሚመጣው በዋናነት ላፕቶፑን ከፍ ስለሚያደርጉት ነውና። በረዶ ወይም እርጥብ ጨርቅ ከሥሩ ማድረግ ግን ጠል አስቋጥሮ ሰርኪዩት ያበላሻል።

መንቀራፈፍ ሁሉ ከሙቀት የሚመጣ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ስለሚዞር ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ራም (የኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ሲሞላም እንዲሁ ሁሉ ነገር ይጎተታል። ልዩነቱን ለማወቅ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ የሲፒዩውን (የፕሮሰሰሩን) ገጽና የሙቀቱን መጠን ማየት ይበቃል፦ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ አጠቃቀሙ ወደ 100 በመቶ ተጠግቶ ሳለ ፍጥነቱ እዚያው ከተጻፈው ቤዝ ስፒድ (መነሻ ፍጥነት) በታች ከወረደና ሙቀቱም ከወሰኑ አጠገብ ከሆነ፣ ትሮትሊንግ ነው ብሎ መደምደም ይቻላል። ሙቀቱን ለማንበብ ኤችደብሊውኢንፎን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሥራው ሲጀመር ለጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ፍጥነቱ በጣም ከፍ ብሎ ከዚያ ወደ መካከለኛ መውረዱ ግን ቱርቦ የሚባለው አሠራር በታሰበለት ሰዓት ማብቃቱ ሊሆን ስለሚችል እንደ በሽታ መቆጠር የለበትም።

ሁሉም ተስተካክሎ ሙቀቱ አልወርድ ካለ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ከመታነቁ በፊት ልኩን መወሰን ይቻላል። የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል፤ ፍጥነትን ለመጨመር ቮልቴጅንም መጨመር ስለሚያስፈልግ ሁለቱም በ10 በመቶ ቢያድጉ ሙቀቱ በ33 በመቶ ያሻቅባል፣ ሁለቱም በ20 በመቶ ቢቀንሱ ሙቀቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚህም የተነሣ በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ በብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ቱርቦን ያጠፋና ሙቀቱን በጉልህ ይቀንሰዋል። ለአጭር ጊዜ ሥራ ፍጥነት ያሳጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆይ ሬንደር ግን ሳይወጣና ሳይወርድ የሚጓዝ መካከለኛ ፍጥነት እየተጣደፈ ከሚታነቅ ፍጥነት ብዙም ላያንስ ይችላል፤ ማራገቢያውም ጎረቤት አይቀሰቅስም። ምርጫው በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ላይታይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የአምራቹ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ጸጥተኛ የአሠራር ስልት መምረጥ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

ትሮትሊንግ ፕሮሰሰሩን ቢያድንም ባትሪውን አያድንም፤ የሊቲየም ባትሪ ሲሞቅ፣ በተለይም ሞልቶ ቻርጅ ላይ እንዳለ ሲሞቅ፣ ቶሎ ያረጃል። ስለሆነም ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚሠራ ላፕቶፕ አምራቹ ከፈቀደ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ቢደረግ ይመረጣል። ላፕቶፑ ሳይንቀራፈፍ ወይም ተንቀራፍፎ ሳለ በድንገት ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከትሮትሊንግ አልፏል፦ ፍጥነት መቀነሱ ሙቀቱን ሊገታው ባለመቻሉ ሁለተኛው ጥበቃ ኃይሉን ቆርጦት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ደጋግሞ ከማስነሣት ይልቅ ማራገቢያው ጨርሶ ቆሞ እንደሆነ፣ ወይም ከፕሮሰሰሩ ላይ ያለው መዳብ ብሎኑ ላልቶ እንደሆነ በባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።