ቀኑ አለፈ ማለት ተበላሸ ማለት ነው?

ባለፈው እዚህ አዳማ ጎረቤቴ ያልተከፈተ ፓስታ ልትጥል ስትል ደረስኩ። «ኤክስፓየር አድርጓል እኮ» አለችኝ። ተቀብዬ አየሁት። የተጻፈው «ቤስት ቢፎር» ነው፤ ቀኑ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቤስት ቢፎር» የሚናገረው ስለ ጥራት ነው። እስከዚያ ቀን ጣዕሙና ሽታው አይጓደልም ማለት እንጂ በማግስቱ መርዝ ይሆናል ማለት አይደለም። ፓስታ፣ ሩዝና ብስኩት ደረቅ ስለሆኑ ባክቴሪያ በቀላሉ አይራባባቸውም። እሽጉ ካልተቀደደ፣ እርጥበት ካላገኘውና ነቀዝ ካልገባው ይበላል። ይህን መጣል በጣም ያሳዝነኛል።

«ዩዝ ባይ» ግን ሌላ ነው። እሱ የሚናገረው ስለ ጤና ነው። እንደ ጥሬ ሥጋ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ላይ ይጻፋል። ቀኑ ካለፈ ባይሸትም መጣል ነው፤ አደገኛ ባክቴሪያ ሁልጊዜ ሽታ የለውም። «ኤክስፓየሪ ዴት» የሚለውንም ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የሚመድበው ከዚህኛው ጋር ነው። ደግሞ በአዳማ ሙቀት መብራት ጠፍቶ ከዋለ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሥጋ ቀኑ ሳይደርስም ሊበላሽ ይችላል።

ፓስታውን ማታ በቲማቲም ሠርታ ልጆቿን አበላች። ለእኔም አንድ ሳህን ላከችልኝ።