ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ችግር ምንድን ነው?

ጣትዎን ከጆሮዎ ቀዳዳ ትንሽ ፊት ያሳርፉና አፍዎን ከፈት ዘጋ ያድርጉ። ከጣትዎ ሥር የሚንቀሳቀሰው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ነው። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። በግራም በቀኝም አለ፤ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይቸገራል። እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፣ አፍ ሰፋ ብሎ ሲከፈት ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተታል። አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ በመካከላቸው ትንሽ ዲስክ አለች።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ያዘ እንበል። የአንዱ ተሳፋሪ አገጭ ከፊቱ ካለው ወንበር ብረት ጋር ተጋጨ። ቁስሉ ይሰፋለታል፣ ቤቱ ይገባል። የምቱ ኃይል ግን አገጭ ላይ አይቆምም። በአጥንቱ በኩል ወደ ጆሮ ሥር ይሄዳል። እዚያ ያለው የመንጋጋ አንገት ቀጭን ስለሆነ ሊሰበር ይችላል። ባይሰበርም መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ሊቋጥር፣ ጅማቱ ሊለጠጥ፣ ዲስኳ ከቦታዋ ልትወጣ ትችላለች። የማኘኪያ ጡንቻዎችም ይኮማተራሉ።

ስለዚህ የተመታው አገጭ ሆኖ ሕመሙ ጆሮ ሥር ይሰማል። ሰውም ጆሮዬ ነው ብሎ ጠብታ ይገዛል። ጥርሴ ነው ብሎ ጤነኛ ጥርስ የሚያስነቅልም አለ። እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ የተነቀለ ጥርስ አይመለስም። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የቆየ ቢሆንም እንኳ አገጭዎን መመታትዎን ይንገሩ።

አዋቂ ሰው አፉን ከ40 እስከ 50 ሚሊሜትር ያህል ይከፍታል። ሦስት ጣቶችዎን ደርበው በፊት ጥርሶችዎ መካከል ማስገባት ካቃተዎት መገጣጠሚያው ታስሮ ሊሆን ይችላል። ሲያኝኩ ሕመም፣ ሲከፍቱ አገጭ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል፣ ቀጭ የሚል ድምፅም ምልክቶች ናቸው። ሕመም የሌለው ድምፅ ብቻውን ግን ሕክምና አያስፈልገውም።

ጥርስዎ እንደ ድሮው አልገጥም ካለ፣ አፍዎ ተከፍቶ ከቀረ፣ ከጆሮዎ ደም ከወጣ ወይም የታችኛው ከንፈርዎ ከደነዘዘ አያሳድሩት። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና ክፍል አለው። ወጌሻ ጋ መሄድ የለመደ ብዙ ነው፣ ይገባኛል። የተመታ መንጋጋ ግን ስብራት አለመኖሩ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ሳይታይ መታሸት የለበትም።

ስብራት ወይም ውልቃት ከሌለ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ እንደ አጥሚት፣ ሾርባና ለስላሳ ፍትፍት ያለ ምግብ መብላት፣ ሐኪም የሚፈቅደውን ማስታገሻ መውሰድ ይጠቅማል። ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ማስቲካ፣ ጫትም ይቆዩ። ሲያዛጉ አገጭዎን በእጅዎ ደገፍ ያድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። እንዳያመኝ ብሎ አፉን ለሳምንታት ሳይከፍት ይቆያል። ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ሕመሙ በረድ ሲል በቀን ደጋግሞ፣ ቀስ እያሉ መክፈትና መዝጋት ያስፈልጋል፤ እንዴት እንደሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳያል። ሌሊት ጥርስ ለሚያፋጭ ሰው የጥርስ ሐኪም በልኩ የሚሠራው፣ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ የሌሊት መከላከያ ያግዛል። በዚህ ካልተሻለ መገጣጠሚያውን በመርፌ ማጠብ አለ። ቀዶ ሕክምና የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። ስብራት ሲሆን አንዳንዴ ላይና ታች ጥርሶችን ለተወሰነ ጊዜ ማሰር፣ አንዳንዴ ብረት መግጠም ይመጣል።

ልጆች ላይ ግን ጠንከር ማለት አለብን። ደረጃ ላይ ወይም ኮብልስቶን ላይ በአገጩ የወደቀ ልጅ ቁስሉ ተሰፋ ተብሎ መተው የለበትም። ጆሮ ሥር ያለው የመንጋጋው ጫፍ የልጁ ፊት ከሚያድግባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እዚያ የደረሰ ጉዳት ካልታወቀ መገጣጠሚያው ከራስ ቅሉ ጋር ሊጣበቅ፣ ፊቱም ወደ አንድ ጎን ሊጣመም ይችላል። ቁስሉ የሚሰፋበት ቀን ላይ ሐኪሙ መገጣጠሚያውንም እንዲያይ ይጠይቁ። በሚቀጥሉት ወራትም ልጁ አፉን ምን ያህል እንደሚከፍትና አገጩ ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ እየተከታተሉ፣ ለውጥ ካዩ ይመልሱት።