«ትንሽ ጠንከር ይበልና ይገባል»፦ ልዩ ፍላጎት ስላላቸው ልጆች የምንሰማው እና እውነታው

ነሐሴ ሲጋመስ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ወሬው ሁሉ ስለ ምዝገባ ነው። ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ያለበት ቤት ግን ምክሩ ይበዛል። አብዛኛው ምክር ደግሞ ልጁን እቤት የሚያስቀር ነው።

«ትንሽ ጠንከር ይበልና ይገባል።»
ልጅ የሚጠነክረው በልምምድ ነው፤ እቤት ተቀምጦ አይደለም። ክረምቱን ተጠቀሙበት። ዝናቡ ጋብ ሲል ትምህርት ቤቱ ድረስ አብራችሁት ተመላለሱ። ግቢው ባዶ ሳለ ክፍሉንና ሽንት ቤቱን ይየው። ምሳ ዕቃውን ራሱ ይክፈት። በኛ አገር የጠዋት ብርድ ልጆች ደራርበው ነው የሚለብሱት። ቁልፍ መፍታት ያቃተው ልጅ ሽንቱ ያመልጠዋል፣ ይሳቅበታል፣ በማግስቱ አልሄድም ይላል። ባለላስቲክ ሱሪ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ድምፅ የሚያስጨንቀው ከሆነ ደግሞ በሰኔ፣ ትምህርት ሳይዘጋ ውሰዱት። የተንጠለጠለ ቸርኬ ሲደወል መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ ይስማ።

«አጎቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው።»
ይሆናል። ግን መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። የሚመግል ጆሮም ማጅራት ገትርም መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። ስንቱ ያልሰማ ልጅ «እምቢተኛ» ተብሎ ተገረፈ! የምልክት ቋንቋ መማርም አንደበትን አይዘጋም።

«ጠበል ጀምሯል፤ ትምህርቱ ይቆይ።»
ጻድቃኔ ማርያም መሄድና ትምህርት ቤት መሄድ አይጣሉም። ኦቲዝምም ሆነ ዳውን ሲንድረም እርግማን አይደለም። እናትየዋን መውቀስ ይብቃን።

«አይቀበሉትም።»
ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይላል። «አንችልም» ከተባላችሁ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ስለ አካቶ ትምህርት (ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው ስለሚማሩበት አሠራር) ጠይቁ።

«ለመምህሯ ከነገርናት ታገልለዋለች።»
ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ያልተነገራት መምህር ትደነግጣለች። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ውኃ ሲጠማው እንዴት እንደሚጠይቅ በአንድ ገጽ ጻፉላት። የሚጥል በሽታ ካለበትማ ግዴታ ነው። ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት አያድነውም፤ አፉ ውስጥም ምንም አይገባም። በጎኑ አስተኝታ፣ ኮሌታውን አላልታ፣ ሰዓት ትይዝ። 5 ደቂቃ ካለፈው በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።