«ርዕስ ካልሰጠሃቸው ምን ታስተምራለህ?» እና ሌሎች የሰለቹኝ ጥያቄዎች

«ተማሪዎቹ የሚጽፉበትን ርዕስ ራሳቸው ይምረጡ» ባልኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ ነው?» መምህራን ይሉኛል፣ ወላጆች ይሉኛል። ሰለቸኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «የጽሑፍ ወርክሾፕ» በሚባለው የማስተማሪያ ዘዴ መምህሩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ያሳያል፤ ለምሳሌ ንግግርን በትምህርተ ጥቅስ ማስገባት። ከዚያ ልጆቹ በየመረጡት ጉዳይ ይጽፋሉ። መምህሩ እየዞረ ያነጋግራቸዋል። ማብቂያው ላይ አንድ ሁለት ልጅ የጻፈውን ለክፍሉ ያነባል።

«አዲስ ፋሽን ነው» የሚሉ አሉ። አሜሪካዊው የጽሑፍ መምህር ዶናልድ መሪ (Murray) ጽሑፍን እንደ ሂደት፣ ማለትም እያረቀቁና እንደገና እየጻፉ፣ እናስተምር ያለው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ፋሽን ቢሆን እስካሁን አልፎበት ነበር።

«ሰዋስው ይቀራል» ለሚሉት ደግሞ፣ አይቀርም፤ ወደ ልጁ ረቂቅ ይገባል። ተመራማሪዎቹ ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፔሪን በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጥናቶች ግምገማ፣ ለብቻው ተነጥሎ የሚሰጥ ሰዋስው የተማሪዎችን ጽሑፍ ሲያሻሽል አላገኙም።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። «ምርጫ ከሰጠሃቸው መምህሩ ሥራ ፈታ፣ ልጁም የማይረባ ነገር ጻፈ።»

ሥራ መፍታትማ ርዕስ ሰጥቶ መቀመጥ ነው! ሰሌዳው ላይ «የትምህርት ጥቅም» ብላችሁ ጻፉ። ግማሹ ክፍል «ትምህርት ለሰው ልጅ እጅግ አስፈላጊ ነው» ብሎ ይጀምራል። ደብተሩን ሁሉ አርማችሁ ስትጨርሱ ስለ አንድም ልጅ ያወቃችሁት ነገር የለም።

አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ «ኳስ እወዳለሁ» ብሎ አራት መስመር ጻፈና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ያው የማይረባ የሚባለው ርዕስ መሆኑ ነው። «መጨረሻ ስትጫወት ምን ሆነ?» አልኩት። በረኛ ነበር፤ ኳሷ በእግሮቹ መሃል ሾልካ ገባችበት።

«ከዚያስ?»

«ዞሬ መረቡን አየሁ። ማንንም ማየት አልፈለግኩም።»

«እሱን ጻፈው።»

አራቱን መስመር ሰረዘና ከመረቡ ጀመረ። ገጽ ተኩል ወጣው። ወሬያችን ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የቱን ጥያቄ መጠየቅ እንዳለብኝ ማወቁ ግን ሥራ ነው፣ ያውም አድካሚ ሥራ።

ደግሞም ነፃ የተደረገው ርዕሱ ብቻ ነው። ረቂቅ አለ፣ ማስረከቢያ ቀን አለ፣ የዕለቱ ትምህርት ረቂቁ ውስጥ መታየት አለበት።

መሞከር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ምርጫውን አጥብቡት። «ያናደዳችሁን ነገር ጻፉ» በሏቸው፤ ምን እንዳናደዳቸው እነሱ ይወስኑ። ስታነጋግሩ አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ፤ እስክሪብቶው ከልጁ እጅ አይውጣ። ማንን ስለ ምን እንዳነጋገራችሁ የስም ዝርዝሩ ላይ ያዙ፤ አለዚያ ዝምተኞቹ ሳትደርሱባቸው ዓመቱ ያልቃል። ክፍሉ ከበዛባችሁ አንድ ዓይነት ችግር ያለባቸውን አምስት ስድስት ልጆች ሰብስባችሁ አንድ ላይ አነጋግሩ።

ለፈተናም ይሆናል፣ አትጨነቁ። በተሰጠ ርዕስ፣ በተወሰነ ሰዓት መጻፍንም እንደ አንድ የጽሑፍ ዓይነት ታስተምሩታላችሁ።