ጃንሆይ በዘፈን፣ በመፅሀፍና በፊልም፦ የሚወራውና እውነታው

ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዛሬ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ የሚዞረው ነገር አብዛኛው ከታሪክ መፅሀፍ የመጣ አይደለም፣ ከሬጌ ዘፈን፣ ከአንድ የፖላንድ ጋዜጠኛ መፅሀፍ፣ ደርግ ቆራርጦ ከቀጠለው ፊልም ነው የመጣው። ሰው ግን ወዳጃቸውም ሆነ ጠላታቸው ያንኑ እንደ ታሪክ ይዞ ይከራከራል። ጃንሆይን መውደድም መጥላትም የራስ ጉዳይ ነው፣ ግን እውነት በሆነው ነገር ይሁን እንጂ በፈጠራ አይሁን ባይ ነኝ። ስለዚህ በብዛት የሚባሉትን አንድ በአንድ ልይዛቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ በኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

«የቦብ ማርሌይ ዋር የሚለው ዘፈን ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው»

ይሄ በጣም የተለመደው ነው፣ ቪዲዮ የሚያቀናብሩትም የጄኔቫውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ከዘፈኑ ጋር ስለሚያጋጥሙት ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። የጄኔቫው ንግግር የተደረገው ጁን 30 ቀን 1936 ነው፣ ጣሊያን አገሩን ይዞ፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው፣ ፈረንሳይኛ በደንብ እየቻሉ በአማርኛ የተናገሩት። ዘፈኑ የተወሰደው ግን ከዛ ከ27 ዓመት በኋላ ኦክቶበር 4 ቀን 1963 ኒውዮርክ ላይ ለተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ነው። ያኔ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሰረተ ገና አምስት ወር አልሞላውም፣ ንግግሩ ውስጥ አንጎላ፣ ሞዛምቢክና ደቡብ አፍሪካ በስም የሚነሱትም ለዚህ ነው፣ የነፃነት ትግሉ የተጋጋለበት ሰዓት ነበር። ዘፈኑ ደሞ የወጣው በ1976 ራስታማን ቫይብሬሽን የሚለው አልበም ላይ ነው፣ ደራሲ ተብለው የተመዘገቡትም ማርሌይ ሳይሆን አለን ኮል እና የባንዱ ድራመር ካርልተን ባሬት ናቸው።

«ቃል በቃል የሳቸው ነው» የሚሉም አሉ። አብዛኛው አዎ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ልብ ብላችሁ ስሙት። ጃንሆይ እኛ አፍሪካውያን አስፈላጊ ከሆነ እንዋጋለን ነው ያሉት። ዘፈኑ ላይ ደሞ እንዋጋለን፣ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል ይላል። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች ግን ነገሩን ሁሉ ነው የቀየረችው፣ ምክንያቱም ንጉሱ ለድርድር ቦታ ትተው ነው የሚናገሩት ዘፋኙ ግን ጨርሶ ወስኗል፣ በየመሀሉ የሚደጋገመው የጦርነት አዝማችም የሙዚቀኞቹ ነው። ሁለቱንም አከብራለሁ፣ ግን አንድ አይደሉም።

ከጄኔቫ ሳንወጣ፣ «ዛሬ እኛ ነገ እናንተ» የምትለዋ አባባል በንግግሩ ፅሁፍ ውስጥ የለችም። ከመድረክ ሲወርዱ ተናገሯት ተብሎ ነው የሚተረከው።

«ቦብ ማርሌይ ጃንሆይን አግኝቷቸዋል»

አላገኛቸውም። ጃንሆይ ጃማይካ የገቡት ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ነው፣ ማርሌይ ያን ሰሞን አሜሪካ ዴላዌር ስራ ላይ ነበር። ኪንግስተን ወጥታ ያየቻቸው ሚስቱ ሪታ ናት፣ መዳፋቸው ላይ የችንካር ምልክት አየሁ ያለችውም እሷ ናት። የዛን ቀን ኤርፖርቱ ላይ ህዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑ ስር ድረስ ስለገባ ጃንሆይ ብቅ ብለው አይተው ተመልሰው ገቡ፣ ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስታዎች ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ አነጋግሯቸው ህዝቡንም መንገድ እንዲለቅ ከጠየቀ በኋላ ነው የወረዱት። ማርሌይ ኢትዮጵያን ያየው በ1978 ነው፣ ሻሸመኔም ሄዷል፣ ያኔ ግን ጃንሆይ ከሞቱ ሶስት ዓመት ሆኗቸዋል።

«አምላክ ነኝ ይሉ ነበር፣ መመለክ ይወዱ ነበር»

ጃንሆይ አምላክ ናቸው የሚለውን የራስታ እምነት የጀመሩት ጃማይካውያን ናቸው፣ እነ ሊዮናርድ ሃወል በ1933 አካባቢ ሲሰብኩ ከአዲስ አበባ ማንም አልላካቸውም። ጃንሆይ ራሳቸው በ1967 የካናዳ ጋዜጠኛ ሲጠይቃቸው ራስታዎችን አግኝቻቸዋለሁ፣ እኔ ሰው ነኝ ሟች ነኝ ብዬ በግልፅ ነግሬያቸዋለሁ ብለው መልሰዋል። በ1970 ደሞ ጃማይካ ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን ተቋቋመ፣ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት ነበሩ የተላኩት፣ ማርሌይ በ1980 ኒውዮርክ ላይ የተጠመቀው በዚችው ቤተክርስቲያን ነው። ራሱን ለማስመለክ የሚፈልግ ሰው ካህን ይልካል?

ጃማይካዊውን የጥቁሮች መብት ታጋይ ማርከስ ጋርቪንም የጃንሆይ ነቢይ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። ጋርቪ ግን ጃንሆይ ከተሰደዱ በኋላ በራሱ መፅሔት ላይ ክፉኛ ነው የተቻቸው።

እዚህ ላይ ግን የኛን የቤት ስራ ለጃማይካውያን አንስጥ። የ1955ቱ ህገ መንግስት የንጉሱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ስልጣናቸውም የማይጠየቅ ነው ብሎ በአንቀፅ አስፍሯል። አምላክ ነኝ አላሉም፣ ግን ማንም የማይጠይቃቸው ሆነው ነው የገዙት፣ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው።

«ሻሸመኔን ለራስታዎች የሰጡት ስለሚያመልኳቸው ነው»

መሬቱ የተሰጠው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ የውጭ ጥቁሮች ነው፣ በ1937 ዶክተር መላኩ በያን ኒውዮርክ ላይ ባቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን በኩል፣ አምስት ጋሻ ገደማ። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ውስጥ የፓይፐር ባልና ሚስት የአይሁድ እምነት ተከታዮች ነበሩ እንጂ ራስታ አልነበሩም፣ ራስታዎቹ በብዛት የመጡት ኋላ ነው።

«ማንበብና መፃፍ አይወዱም ነበር፣ ፊርማቸውን እንኳን ያየ የለም»

ይሄ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ የሚባለው የፖላንድ ጋዜጠኛ በ1978 ካሳተመው ስለ ጃንሆይ ቤተመንግስት ከሚተርክ መፅሀፍ የመጣ ነው። መፅሀፉ ድንቅ ተደርጎ ነው የተፃፈው፣ ለዛም ነው አደገኛ የሆነው፣ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል እንግሊዝ አገር በቴአትር ሁሉ ተሰርቷል፣ የውጭ ሰው ስለ ጃንሆይ አንድ መፅሀፍ ካነበበ እሱን ነው ያነበበው። ግን ተናጋሪዎቹ ሙሉ ስም የላቸውም በፊደል ብቻ ነው የሚጠሩት፣ አንድም ቦታ ሄዶ ማጣራት አይቻልም፣ ንጉሱን የሚጠሩበት አጠራር ራሱ በኛ ቤተመንግስት የሌለ ነው። አንብበው አያውቁም የተባሉት ሰውዬ ከልጅነታቸው ፈረንሳይኛ የተማሩ፣ ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ የሚለውን የራሳቸውን ታሪክ ያሳተሙ ናቸው፣ ፊርማቸው ደሞ በየደብዳቤውና በየሰነዱ ላይ አለ። የኢትዮጵያ ታሪክ ፀሀፊው ሃሮልድ ማርከስም ስህተቶቹን በዝርዝር ተችቷል። ሉሉ የምትባለዋ የጃንሆይ ትንሽ ውሻ እውነት ነበረች፣ የሹማምንቱን ጫማ ስታረጥብ በሀር ጨርቅ እየተከተለ ይጠርግ ነበር የተባለው ሰውዬ ግን ስሙ ያልታወቀ ከመፅሀፉ ተናጋሪዎች አንዱ ነው። ፖላንዶች ራሳቸው መፅሀፉን ያኔ ያነበቡት ስለራሳቸው የኮሚኒስት ባለስልጣናት እንደተፃፈ ምሳሌ አድርገው ነበር። እንደ ልብወለድ ብታነቡት ይመቻል፣ ለክርክር ማስረጃ አድርጋችሁ ግን አታምጡት።

«እንግሊዞች ህዝቡ ሲራብ ጃንሆይ ለውሻ ስጋ ሲሰጡ በፊልም አሳዩ»

ይሄኛውን ቀስ ብለን እንየው ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርፆ በኦክቶበር 1973 ለእንግሊዝ ህዝብ ያሳየው በአይቲቪ ነው፣ ቢቢሲ አይደለም። ፊልሙ የረሃብ ፊልም ነው፣ የተኛውን ህዝብ፣ የሚሞቱትን ህፃናት ነው የሚያሳየው። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ በየመሀሉ የቤተመንግስት ግብዣ፣ ኬክ፣ ሻምፓኝ፣ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲመግቡ እያስገባ እንደ አዲስ ቀጠለውና መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በነጋታው መስከረም 2 ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። አንድ የራበው ልጅ ፊት፣ ወዲያው ኬክ፣ ተመልሶ ልጁ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ተሰብስቦ ይሄን ያየ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? በተለያየ ጊዜ የተቀረፁ ነገሮች ናቸው ብሎ የሚነግረው አልነበረም።

ይሄን ስል ግን «እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው» የሚሉትንም አልቀበልም። ረሃቡ እውነት ነው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል፣ መንግስታቸውም ደብቆታል፣ የአገር ስም ይጠፋል ተብሎ ሰው እያለቀ ዝም ተብሏል። ፊልሙ ተቆራረጠ ማለት የወሎ ህዝብ አልሞተም ማለት አይደለም፣ ለጃንሆይ ያለንን ፍቅር ለማዳን ብለን እነዚያን ሰዎች ሁለተኛ ልንደብቃቸው አይገባም።

ውጭ አገር ያሉ ብዙ ሰዎች ደሞ ይሄን ረሃብ ከ1984ቱ ጋር ያደባልቁታል፣ የኮረም ምስል ላይ የጃንሆይን ስም የሚለጥፉ አሉ። ያ ማይክል በርክ ለቢቢሲ የዘገበው፣ በሚቀጥለው ዓመት ላይቭ ኤይድ የሚባለው የእርዳታ ኮንሰርት የመጣበት ረሃብ ሲሆን ጃንሆይ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። አገሩን የያዘው ደርግ ነበር፣ ያን ፊልም ቆራርጦ ያሳየው ደርግ፣ ዘገባው ከመውጣቱ አንድ ወር ቀደም ብሎም አስረኛ ዓመት የአብዮት በዓሉን አዲስ አበባ ላይ በከፍተኛ ወጪ አክብሯል።